ባለ ሦስት ቁልፉ ኢሜይል

እኛ ሰዎች መቆለፍ እንወዳለን። ግቢያችንን በቁልፍ እንዘጋለን፣ በቁልፉ ላይ መወርወሪያ እንጨምራለን፣ አጥሩ አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪ እንተክላለን፣ ይህ ሁሉ አልበቃ ሲለን ውሻ እናስራለን። ውስጥ ምን አለ ብትሉ አንድ ያረጀ ሶፋና የስኳር ጣሳ ነው። ጣሳውም ይቆለፋል። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ የእኔም ኪስ የተቀደደው በቁልፍ ብዛት ነው።

ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ ስልኩን እየነካካ፣ ከኢንተርኔት መክፈቻዎቹ፣ ብራውዘር ከሚሏቸው ማለት ነው፣ የትኛው ይበልጥ አስተማማኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። በዕድሜዬ ማንም ያልሰበረው ቁልፍ አንድ ብቻ አይቻለሁ አልኩት። ስሙን ንገረኝ ብሎ ቢያደርቀኝም አልነገርኩትም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ብቻዬን ይዤው ስዞር ከብዶኛል።

ጊዜው ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው፤ ላፍቶ ገና ግማሿ እርሻ፣ ግማሿ ሰፈር በነበረችበት ዘመን። ከመካኒሳ አቦ ወደ ላፍቶ ሲወረድ ያለው ዕድራችን ድንኳኑንና ብረት ድስቱን የሚያስቀምጥባት አንዲት አዳራሽ ነበረችው። አንድ በጎ አድራጊ ኮምፒውተር ሰጠን፣ ስልክ አስገባን፣ በስልኩ ሽቦም ኢንተርኔት ተከተለ። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ያለው ዕድር! የጎረቤት ዕድሮች በቅናት ሊሞቱ ደረሱ፤ ቀባሪ ስለነበራቸው አላሳሰበንም።

ለዕድርተኛው በሙሉ የምትሆን አንዲት የኢሜይል አድራሻ ተከፈተች። የይለፍ ቃሉን ማን ይያዝ የሚለው ክርክር ግን አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ሙሉ ፈጀ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ የዕድሩ የገንዘብ ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፣ አንዱ በሰብሳቢው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በጸሐፊዋ እጅ ነው፣ ይሄስ ከዚያ በምን ያንሳል አሉ። ጭብጨባ ሆነ። የይለፍ ቃሉ ለሦስት ተከፈለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱ ይሰበሰቡና አንዱ ድርሻውን ሲጽፍ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኔ አዳራሹ አጠገብ ስለምኖር በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ለቅጣት የቆሙ ተማሪዎች ይመስሉኝ ነበር።

ሰብሳቢው ጋሽ ተፈራ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጋዘን የጠበቁ ጡረተኛ ናቸው። ገንዘብ ያዡ አቶ ሙላቱ ንፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ጸሐፊዋ ሰናይት ነበረች፤ ከሦስቱ በወጉ መተየብ የምትችለው፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን የሰፈራችን ልጅ። እንግዲህ ሰናይት የምትጠብቀው ሰው ነበራት። ብርሃኑ ይባላል፤ ናይሮቢ የማቀዝቀዣ ጥገና ሊማር ሄዷል። ለዕድሩ አድራሻ ይጽፋል፤ ዕድርተኛውን በሙሉ ሰላም ይልና መጨረሻ ላይ ጸሐፊዋንም ሰላም በሉልኝ ይላል። ሰናይት በዚያች አንድ መስመር ሳምንቱን ታሳልፋለች። ሲሄድ ደግሞ ከገና በኋላ ቁርጡን እጽፍልሻለሁ ብሏት ነበር። ይህን የምናውቀው ባለቤቴና፣ ባለቤቴ ያወቀችውን ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነን።

ገና አለፈ። ልክ ያን ሰሞን ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት መክፈቻ መኖሩ ታወቀ፤ አንዱ ምልክቱ ሰማያዊ ፊደል፣ ሌላው የመርከብ መሪ። አቶ ሙላቱ ባለ ሰማያዊው ነው የሚጠብቀን አለ፤ ምክንያቱም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ጋሽ ተፈራ ከበር ጋር አብሮ የመጣ ቁልፍማ ሌባውም ጋ አለ አሉ። ባለ መሪው ጥግ ላይ የቁልፍ ሥዕል አለው፣ ለመጫንም ግማሽ ቀን ፈጅቷል፣ ከባድ ቁልፍ ደግሞ ጥሩ ቁልፍ ነው ባይ ናቸው። አቶ ሙላቱ ባለ መሪው በየመሐሉ ድንገት ይጠፋል ሲል፣ ጋሽ ተፈራ አደጋ ሲያይ ነዋ የሚጠፋው ብለው መለሱለት። ሁለቱም የሚያወሩትን የሚያውቁ ይመስሉ ነበር፤ እኔም በመስኮት እየሰማሁ በየተራ አምናቸው ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ተፈራ በዚህ ወንፊት ውስጥ ድርሻዬን አልጥልም ብለው ከሰማያዊው ፊት ተነሡ። አቶ ሙላቱም በዚያኛው የእኔን አታገኟትም አለ። ተኳረፉ። የእኛን ሰፈር ኩርፊያ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ድንኳን ሥር ንፍሮ እየተቀባበሉ አይነጋገሩም። ጋሽ ተፈራ ጭራሽ ሌባ በሽቦ ይገባል ብለው የስልኩን ገመድ ከግድግዳ ነቀሉና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ቁም ሣጥኑንስ ማን ይከፍታል? ሦስቱ ሲስማሙ።

ሰናይት በየቅዳሜው መጥታ ትቀመጣለች። ያላገባች ልጅ ለዕድር ሰብሳቢ የወንድ ደብዳቤ እየጠበቅሁ ነው ትበል? አትልም። አንድ ቀን ብቻ ደፍራ፣ ጋሼ፣ ሰው ጽፎልን ይሆናል እኮ አለቻቸው።

«ይጻፋ!» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ሣጥኑ ተቆልፏል። የት ይሄዳል?»

ጾሙ ገባ፣ ጾሙ ተፈታ። በዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ነገሩን በዱቤ እንደተገዛ ሰንጋ እየጎተቱ፣ ሁለቱን አስታረቁ። ፍርዱ፣ አንድ ቅዳሜ በሰማያዊው፣ አንድ ቅዳሜ በባለ መሪው ይከፈት የሚል ነበር። እንዲህ ቀላል ነገር መሆኑ ዛሬም ያበሳጨኛል። ገመዱ ከቁም ሣጥን ወጣ፣ ዕጣ ለሰማያዊው ወጣ፣ ሦስቱም በየተራ ወደ ግድግዳ ዞሩ፣ የኢሜይሉ ሣጥን ተከፈተ። እኔም ለምስክርነት ተጠርቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ከብርሃኑ የመጡት ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ለዕድርተኛው በሙሉ አይልም፤ ለሰናይት ይላል። ደቡብ አፍሪካ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሂድ ወይስ ልምጣ፣ ና ካልሽኝ እመጣለሁ። ሁለተኛው፣ ደጋግሜ ደወልኩ፣ ስልካችሁ አይነሳም። ሦስተኛው አጭር ነው። ዝምታሽ ገብቶኛል፤ አልቀየምሽም፤ ነገ መሄዴ ነው፣ ይህ አድራሻ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ ከእኔ ጋር ያበቃል።

ሰናይት ማንንም አላፈረችም። እዚያው በሁላችን ፊት መልስ ጻፈች። አንዲት ፊደል ናት፦ ና። ላከችው። ማሽኑ አሰበ፣ አሰበና መለሰላት፤ እንዲህ የሚባል ተቀባይ የለም። የምትጠይቀው ዘመድ እንኳ አልነበረውም፤ ያሳደጉትን አጎቱን የቀበርነው እኛው ነን።

አቶ ሙላቱ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ የማውሱን ገመድ ይጠቀልላል። በመጨረሻ ጋሽ ተፈራ፣ ማጽናናታቸው ነው፣ ክፋት የለባቸውም፣ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ቢያንስ ማንም አላየብሽም።»

«እኔም አላየሁትም፣ ጋሼ» አለች።

ጋሽ ተፈራ ያን ዕለት ያለ ባርኔጣቸው ነው ወደ ቤት የሄዱት፤ ወንበሩ ላይ ረስተውት። ስለ መክፈቻዎቹ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተነፈሱም። የቱ ይበልጥ እንደሚጠብቅ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ሁለቱም ከጠበቅነው በላይ ጠብቀዋል። የሚቆጨኝስ፣ ሌባ የሚባለው ሰውዬ አንድም ቀን አለመምጣቱ ነው። ቢመጣ ኖሮ ምናልባት እሱ ያነብላት ነበር።

የዕድሩ ስልክ ከዚያን ቀን ወዲህ ተነቅሎ አያውቅም። ስብሰባ ላይ ሆነን ሲጮህ፣ ማንም ሳያዘን፣ ሰናይት ተነሥታ እስክታነሳው ሁላችንም ዝም ብለን እንጠብቃለን። አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን የሚፈልግ ሰው ነው።