ለልብ የተጠራ ዱአ

የታመመ ልቡን በሚያሳምመው ነገር የሚያስታምም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሐይቅ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል፤ አለቃቸው ግን አጎቴ ሰይድ ነው። ሐኪሙ፣ «ደም ግፊትህ ልብህን እየጎዳው ነው፤ ጨው ቀንስ፣ ሲጋራና ጫት ተው፣ በእግርህ ሂድ» አለው። አጎቴ በጣም ደነገጠ። ከመደንገጡ የተነሳ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ካለው ጤና ጣቢያ በባጃጅ ተመልሶ ለልቡ ጸሎት እንዲደረግ ጎረቤቱን ዱአ ጠራ።

ታዲያ ዱአ ያለ ጫት ይሆናል? ጫቱ መጣ። ጫቱ ሲጋራ ጠራ፤ ለእንግዶች የታረደው በግ ደግሞ ጨው ጠራ። በዚህ ላይ አንዱ ስልኩን እያየ፣ «ጦርነቱ ወደ እኛ እየቀረበ ነው አሉ!» አይልም? ያን ጊዜ ምስኪኗ የአጎቴ ልብ ከሁላችን ቀድማ ወደ ደሴ ልትሸሽ የተነሳች መሰለኝ። እኔም ቁጭ ማለት አቃተኝ፤ አጎቴን እወደዋለሁ፣ ፊቱ ደግሞ በርበሬ መስሏል።

እሱ ግን ሲጋራውን ለኩሶ እጁን ዘረጋ፤ «ያ ረቢ፣ ይህችን ልቤን አደራ!»

«አሚን!» አልን።

ሚስቱ ዘይነባ ከበሩ ላይ ሆና፣ «አንት ሰውዬ፣ አደራ ሰጥተህ መልሰህ አንተው ትሰርቃለህ?» አለችው።

 አጎቴ ሲጋራውን አጠፋ።

«ጫቱስ?»

«እሱማ የዱአው ነው እንጂ የእኔ መች ሆነ?» አላት፣ ጉንጩ እንደ ተወጠረ።