ኦርኪዷን በዋልካ የቀበርኳት እኔ ነኝ

ወዳጆቼ፣ ከኦርኪድ ፎቶዬ ስር «እጅህ ይባረክ!» ብላችሁ የጻፋችሁ ሁሉ ኮሜንታችሁን ሰርዙ። ይህ እጅ ምን እንዳደረገ አታውቁም!

በደርግ ጊዜ ነው። ወረታ ተመድቤ የሄድኩ አዲስ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። የማላስረዳው ነገር አልነበረም።

የተከራየሁት እትዬ እናኑ ግቢ ነው። አንድ ልጃቸው መልካሙ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ፣ ከወደቀ ሾላ ላይ ያገኛትን የዛፍ አበባ፣ ኦርኪድ፣ በተሰነጠቀ ድስት አድርጎ ደጃፉ ላይ ሰቀለላቸው። «እሷን እያየሽ ጠብቂኝ» ብሏቸው ሄደ።

እትዬ እናኑ ጠዋት ጠዋት ከሰው በፊት «እንደምን አደርሽ» የሚሉት እሷን ነበር።

አንድ ቀን ጉልበታቸውን ሊታጠቡ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄዱ። «አደራ፣ አልፎ አልፎ ውሃ አርከፍክፍባት» አሉኝ።

ያሉት ይህን ብቻ ነው!

እኔ ግን ድስቱን አውርጄ መረመርኩ። የዛፍ ቅርፊት፣ ከሰል፣ ጠጠር። አፈር የሚባል የለም!

ምስኪን! የፎገራን የመሰለ አፈር ደጅ ተነጥፎ እሷ ከሰል ትብላ?

ቅርፊቱን ደፋሁ። ዋልካ አመጣሁ፤ ያ ሲረጥብ እንደ ሊጥ የሚይዘው ጥቁር አፈር። ፍግ ጨምሬ ጠቀጠቅኩት። የውሃ ፕሮግራም በማስመሪያ አስምሬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ፣ ፊርማ።

ፈረምኩ እኮ! በየቀኑ!

(አሁን ላስረዳ፤ አመሌ ነው። የዛፍ ኦርኪድ ሥር አየር ይፈልጋል። ቅርፊትና ከሰል ውሃውን ያሳልፉለታል፤ ዋልካ ግን ውሃውን ይዞ ሥሩን ያፍነዋል። መልካሙ ይህን ያወቀው ሾላውን አይቶ ነው። እኔ ዲፕሎማ ነበረኝ።)

እትዬ እናኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል፣ ሥሯ ሸትቷል። ጣታቸውን ጭቃው ውስጥ ከተቱ።

«መምህር፣ ሩዝ መስላህ ነው?»

ሩዝ ያኔ ለአገሩ አዲስ ነበር፤ ውሃ በተኛበት ዋልካ ላይ መዘራት ጀምሯል። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። የበሰበሰውን በቢላ ቆርጠው ጣሉ። የተረፈችውን አንዲት ቡቃያ መልሰው በቅርፊት አስቀመጧት። ከዚያ ወረቀት እንዳወጣ አዘዙኝ፤ ለመልካሙ ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ነኝና።

«ጻፍ። አበባህ ደህና ናት በል።»

«እትዬ፣ ግን እኮ…»

«ልጄ ጦር ሜዳ ነው ያለ። ደህና ናት በል!»

የዋሸ ተማሪ በአንድ እግሩ የማቆመው እኔ፣ ጻፍኩ።

ከወራት በኋላ መልሱ መጣ። አንባቢውም እኔው! ሰላምታ፣ ናፍቆት፣ ከዚያ…

«እናቴ፣ አደራሽን፣ ማንም አፈር እንዳያስነካት።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ አለፍኳት። እትዬ እናኑ ዓይናቸውን ከቡቃያዋ ሳያነሱ፣

«እስኪ ያቺን መስመር ድገማት። ጮክ በል።»

ደገምኳት። ሦስት ጊዜ።

ቡቃያዋ ሳታብብ፣ መልካሙም ሳይመለስ፣ እኔ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። መጨረሻቸውን አላውቅም። ፎቶው ላይ ያለችውን ያሳደግኳት በቅርፊትና በከሰል ነው፤ ውሃ ባጠጣኋት ቁጥር ያቺ መስመር ትሰማኛለች።

እና «ለኦርኪድ የትኛው አፈር ይሻላል?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ፣ እውነት ሌላ ሰው አጣችሁ?