ኮኩን የጠበቀልኝ ጾም

ሁሉን ነገር "ቀላል ነው" የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እኔ አለሁላችሁ። በደርግ ጊዜ ላሊበላ መምህር ሳለሁ፣ ለኮርስ ደሴ ሄጄ የኮክ ኬክ ቀምሼ ተመለስሁና "ቀላል ነው፣ እቤት እንጋግረዋለን" ብዬ ጓደኞቼን ጠራሁ። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር፣ ጎረቤት እንዳይታዘበን ቅቤና እንቁላሉን ትተን በዘይት አቦካነው።

ኮኩን ማን ይላጥ? ተማሪዎቼ የሆኑ የጎረቤት ልጆችን መረጥሁ። ለምን መሰላችሁ? የፍልሰታ ጾመኛ ልጅ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ አይቀምስም። ከዚህ የታመነ ዘበኛ ከየት ይገኛል? በትምህርት ቤቱ የውይይት ክበብ "ጾም ኋላ ቀርነት ነው" እያልሁ የምሰብከው ሰውዬ፣ ኮኩን ለጾም አደራ ሰጠሁ። "እስቲ ልቅመሰው" እያልሁ የምውጠው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ልጆቹ ምራቃቸውን እየዋጡ ሳህኑን ሞሉት። ሊጡ ግን ኩፍ አልል አለ። ስንጠብቅ ስንጠብቅ፣ ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአጥሩ በኩል "ልጆች፣ ቅዳሴ ወጥቷል፤ እህል ቅመሱ" አሉ።

ከምድጃው ዞር ስል ሳህኑ ተጋምሷል።

"ልጆች፣" አልሁ እየተለማመጥሁ፣ "ዛሬን እስከ ማታ ብትጾሙስ ምን አለበት?"

ከልጆቹ አንዷ፣ የሰፈራችን ቄስ ልጅ፣ ጉንጯ እንደተወጠረ ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ጾም ኋላ ቀርነት ነው ይሉን አልነበር?"

ኮኩ አልቆ ኬኩ ዳቦ ሆኖ ወጣ። የውይይት ክበቡ ዕለት ደግሞ ራሴን አመመኝ።