ክብርት ወይዘሪት ደህና ነኝ

ሐበሻ ባለበት ሁሉ አንዲት «ደህና ነኝ» አትጠፋም። ቤቷ ቢቃጠል፣ ጥርሷ ቢረግፍ፣ እንዴት ነሽ ስትሏት መልሷ ያው ነው። የሪያድ ተጠሪያችን ክብርት ወይዘሪት ሸምሲያ ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ ነሲም ሰፈር አንድ ትልቅ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥራ የምትሠራ።

የፈላ ዘይት ክንዷ ላይ ተደፍቶባት፣ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ሳምቡሳውን ጠብሳ ጨርሳለች። የኮሮና ጊዜ ስደውልላት ሳል አላናግር ሲላት ስልኩን አራቀችና ትንፋሿን ሰብስባ ተመለሰች፤ «ደህና ነኝ» ለማለት። በጣም ታናድደኝ ነበር።

«አንቺ እኮ ሞተሽም ደህና ነኝ ትያለሽ!» ስላት ትስቃለች።

ይህን ሙያ ያስለመዷት እናቷ ናቸው። በየጁምዓው እየደወሉ «ደህና ነሽ?» ይሏታል። ሰው አገር ያለ ልጅ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የለውም።

ኮሮና ጋብ ሲል እኔ የማጸዳበት ሆስፒታል ለሐኪሞቹ ቲያትር ማስተማር ጀመረ። አንድ ሰው በሽተኛ ሆኖ ይተውናል፣ ሐኪሞቹ ያነጋግሩታል፤ የበሽተኛ ስሜት እንዲገባቸው ነው አሉ። አሠልጣኙ ግብፃዊ ኡስታዝ ዐረብኛ የማይሆንላት በሽተኛ ሲፈልግ፣ ሸምሲያን ከማዳሟ አስፈቅጄ አመጣኋትና እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ከዚህ የባሰ ምርጫ በዓለም ላይ የለም።

ሚናዋ ሆዷን ይዛ ማቃሰት ብቻ ነበር። አንዱ ሐኪም ቀረበና «ምንሽን ያምሻል?» አላት።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሌላው መጣ።

«ደህና ነኝ፤ አንተስ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኡስታዙ ራሱን ይዞ «ኸላስ፣ በቃ! አንቺ ሴት፣ ታመሚ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

መጨረሻ የወጣው ዶክተር ፈይሰል የሚባል ወጣት ነው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ «ለእናትሽ የማትነግሪያት ሕመም አለ?» ሲል ጠየቃት። ተረጎምኩላት።

ሸምሲያ አቀረቀረች። እጇ ቀስ ብሎ ተነሳና ሆዷን አልፎ ግራ ጡቷ ሥር አረፈ።

«እዚህ ጋ እብጠት አለ» አለች። «ዓመት አለፈው።»

እንባዋ ወረደ፤ እኔም እያለቀስኩ ተረጎምኩ። ሰው ሁሉ በመጨረሻ ትወና ቻለች ብሎ አጨበጨበ፤ ኡስታዙም ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። ዶክተር ፈይሰል ግን አላጨበጨበም። ያን ዕለት ራሱ ይዟት ሄዶ አስመረመራት። ዘግይታለች አሉን።

ሆስፒታል ከተኛች በኋላም ዶክተሩ ወንበሩን እየሳበ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። እኔም ሥራዬን ስጨርስ እሷ ዘንድ ነኝ፤ ሪያድ ውስጥ እንደሷ የምወደው ሰው የለኝም።

አንድ ጁምዓ እናቷ ደወሉ። ቀና ማለት አቅቷት ስልኩን ለእኔ ዘረጋችው።

«ሀናዬ፣ ልጄ ደህና ናት ወይ?» አሉኝ።

ስንት ጊዜ የተጣላሁት ቃል አፌ ላይ መጣ። ሸምሲያ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ደህና ናት እማማ፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ እኔ ክርስቲያኗ።

ስልኩን ስዘጋ በደከመ ፊቷ ፈገግ አለች።

«የኔ እህት» አለችኝ፣ «ኡስታዙ አንቺን ነበር መምረጥ የነበረበት።»