በቤት የተገጣጠመ የሰርግ ካርድ

[ናይሮቢ፣ ኢስሊ፣ ጥር 1980 ዓ.ም.። ከኑሬ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል። ባንታየሁ ፂሙ አድጎ፣ ሽቦ ከተተበተበበት የሻይ ሣጥን ፊት ተቀምጧል። ሣጥኑ ላይ ትንሽ ስክሪን ተደግፋለች። ኑሬ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት አስሯል። በአንድ እጁ ፌስታል፣ በሌላው አንዲት ብሎን ይዞ ቆሟል።]

ኑሬ፦ እኔ የምለው፣ ብሎን ከተረፈ ያልታሰረ ነገር አለ ማለት ነው።

ባንታየሁ፦ ተረፈ ማለት በቁጠባ ተሠራ ማለት ነው። ፋብሪካ ቢሆን ዝም ብሎ ያባክናት ነበር።

ኑሬ፦ ጫማዬን ልትበሳ ነበር እኮ።

ባንታየሁ፦ እያየህ አትረግጥም? ደግሞ ሙሉ ልብሱን ከአሁኑ ምን አስለበሰህ? ይቆሽሽብሃል።

ኑሬ፦ እሱን እኮ ነው ልነግርህ የ...

ባንታየሁ፦ ቆይ፣ ይቺን ሽቦ ልያዝ።

ኑሬ፦ ያኔ እንዳልኩህ ፓርክላንድስ ካለው ከሕንዱ ሱቅ ያለቀለትን ኮምፒዩተር ብንገዛ ኖሮ ይኼ ሁሉ ሽቦ አይኖርም ነበር። ሰካ ስታደርገው ይሠራል።

ባንታየሁ፦ መጣህ ደግሞ። ያለቀለት ኮምፒዩተር የጸሐፊ ነው። ደብዳቤ ይመታል፣ ይተኛል። እኔ የጥበብ ሰው ነኝ። የጥበብ ሰው መሣሪያውን ራሱ ነው የሚሠራው። መሰንቆ መቺ ከሱቅ መሰንቆ ሲገዛ አይተህ ታውቃለህ?

ኑሬ፦ አላየሁም። መሰንቆ መቺ ግን ለቆዳው ብሎ የጎረቤቱን ፍየል አያርድም። አንተ የሱቄን ቬንቲሌተር ነቅለህ እዚህ ሣጥን ውስጥ ከተትከው። ደንበኞቼ በላብ ተጠምቀው ነው ጨርቅ የሚመርጡት።

ባንታየሁ፦ ለማን ብዬ ነው? ለእህትህ ለዘሀራ የሰርግ ካርድ አይደል? ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ ካርዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ይኼን ማን ሠራው?» እንዲል ነው። ያን ዕለት ከሕዝቡ ፊት ቆሜ እጅ ልነሳ ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ማንም ብድግ ብሎልኝ አያውቅም፣ ኑሬ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ሰው ልሁን።

ኑሬ፦ ይገባኛል። ግን ቢያንስ አንድ ፉንዲ፣ የጥገና ባለሙያ፣ ብናማክር...

ባንታየሁ፦ ፉንዲ ብስክሌት ይጠግን። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ራዲዮ የገጣጠምኩ ሰው ነኝ።

ኑሬ፦ የተከለከለውን ጣቢያ ብቻ ነበር የሚይዘው ብለኸኛል።

ባንታየሁ፦ ጥርት አድርጎ።

ኑሬ፦ ማጥፊያም አልነበረውም።

ባንታየሁ፦ እሱን ኋላ ልሠራለት ብዬ ነው።

ኑሬ፦ የቀበሌው ሊቀመንበር በደጅህ ሲያልፍ ታዲያ...

ባንታየሁ፦ አላለፈም፤ ቆመ። ከዚያማ በሞያሌ በኩል መጣሁ። [ጉሮሮውን ይጠርጋል] ጥፋቱ የመንግሥቱ ነው እንጂ የራዲዮው አይደለም።

ኑሬ፦ ካርዱስ የት ደረሰ?

ባንታየሁ፦ [ስክሪኑን በኩራት ያዞርለታል] እይማ።

ኑሬ፦ [ዓይኑን ያጠባል] ይቺ ዶሮ ምን ትሠራለች?

ባንታየሁ፦ ርግብ ናት።

ኑሬ፦ ከሥሯ ያለውስ?

ባንታየሁ፦ «ዘሀ» ይላል። ማሽኑ ፊደላችንን አያውቅም፤ በነጥብ በነጥብ እየሳልኩ ነው የማስተምረው። «ራ» ነገ ታልቃለች። ከዚያ የሙሽራው ስም ነው የሚቀረው። «ከሊፋ» ሦስት ፊደል ነው፤ ምን አላት።

ኑሬ፦ እኔስ ሰው በአፍ ከተጠራ ይበቃል ብዬ...

ባንታየሁ፦ ስንቴ ልንገርህ? በር እያንኳኩ «ኑልን» ማለት ልመና ነው። የሰለጠነ ሰው በካርድ ነው የሚጠራው። እኔን በአፍ የጠራኝ ሰው እንደሰደበኝ ነው የምቆጥረው።

ኑሬ፦ እሱንማ ልብ ብያለሁ። ግን ቀኑ...

ባንታየሁ፦ ሰርጉ ጥር 15 ነው። ዛሬ ጥር 3። ምን ያንቀጠቅጥሃል?

ኑሬ፦ [በጣቱ ይቆጥራል] ጥር 3 ያልከኝ ባለፈው ሳምንት መሰለኝ።

ባንታየሁ፦ አንተ ይመስልሃል፤ ማሽኑ ያውቃል። ከሕንዱ ብንገዛ ኖሮ በፈረንጅ 1988 እያለ ያደናብረን ነበር። ይኼን ገጣጥሜ ገና ስከፍተው ምን አለ? «1-1-1980»። ማንም ሳይነግረው የእኛን ዘመን አወቀ።

ኑሬ፦ አንደኛው ወር መስከረም አይደል እንዴ?

ባንታየሁ፦ ወሩን በፈረንጅ፣ ዓመቱን በሐበሻ ነው የሚቆጥረው። አገሩ ውጭ ሆኖ አባቱ ሐበሻ ስለሆነ ከሁለቱም ወስዷል።

ኑሬ፦ ስቲማ በጠፋ ቁጥር ግን ወደ ጥር 1 ይመለሳል። ማክሰኞ ጠፋ፣ ጥር 1 ሆነ። ሐሙስ ጠፋ፣ ጥር 1 ሆነ።

ባንታየሁ፦ መብራት ከሌለ ሥራ የለም። ይኼ እንደ አገራችን መሥሪያ ቤት መሰለህ? ሥራ ያልተሠራበትን ቀን አይቆጥርም።

ኑሬ፦ ሕንዱ የእሱ ኮምፒዩተር ቀን የሚጠብቅለት ባትሪ አለው ብሎኝ ነበር።

ባንታየሁ፦ ሊሸጥልህ ነዋ። ባትሪ ለራዲዮና ለጨለማ ነው።

ኑሬ፦ ከዚህ ክፍል ከወጣህ ስንት ጊዜህ ነው ግን? ምሳህን እንኳ በመስኮት ነው የማቀብልህ። ጥምቀት አልፏል እኮ፣ ባንቴ።

ባንታየሁ፦ ክርስቲያኑ እኔ፣ ሙስሊሙ አንተ። ጥምቀትን አንተ ልትነግረኝ?

ኑሬ፦ የእናንተ ሰዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ከማታቱ ሲወርዱ አየኋቸዋ። «እንኳን አደረሳችሁ» ብያቸው «እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉኝ።

ባንታየሁ፦ ተሳስተዋል። ስደተኛ ቀን ይጠፋበታል።

ኑሬ፦ ሁሉም?

ባንታየሁ፦ ሁሉም። ማሽን ያስፈለገው ለዚህ አይደል?

ኑሬ፦ [ግራ ተጋብቶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል] እንግዲህ ማሽኑ ካለ... የዘሀራ ሰርግ ገና አልደረሰም ማለት ነው?

ባንታየሁ፦ አሁን ገባህ።

ኑሬ፦ አላገባችም?

ባንታየሁ፦ ካርድ ሳይወጣ እንዴት አድርጋ ታገባለች?

ኑሬ፦ [ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል] ታዲያ እኔ አሁን ከማን ሰርግ ነው የመጣሁት?

[ባንታየሁ ፌስታሉን ቀስ ብሎ ይከፍታል።]

ባንታየሁ፦ ሩዝ ነው።

ኑሬ፦ ፒላው ነው፣ ከነሥጋው። ዘሀራ ናት «ለባንቴ አድርስልኝ» ብላ የላከችልህ። «የት ቀረ?» ስትል ነው የዋለችው።

ባንታየሁ፦ ማን... ማን መጣ?

ኑሬ፦ ከፓርክላንድስ በለው፣ ከካሳራኒ በለው፣ ከሞያሌ የመጣም አለ። አዳራሹ አልበቃም፤ ውጭ ድረስ ነው የተቆመው።

ባንታየሁ፦ ያለ ካርድ?

ኑሬ፦ ከአባባ ጋር በር በር እያንኳኳን ጠራናቸዋ። የእኛ ሰው ወረቀት ብቻ ሲሰጡት ይቀየማል። «እግራቸው ተሰብሮ ነው?» ይላል።

ባንታየሁ፦ [ድምፁ ይቀንሳል] ይኼ ሁሉ ሰው ተጠርቶ እኔ አንድ ሰው ቀረሁ። በአንድ ግድግዳ እኮ ነው የምንለያየው፣ ኑሬ። ወደዚህ ብቅ ብለህ «ባንቴ፣ ና» ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔን ለምን ሳትጠራኝ ቀረህ?

ኑሬ፦ በአፍ ብጠራህ ስድብ ነው አልከኝ። አንተን በካርድ ልጠራህ ብዬ፣ «ራ» እስክታልቅ ስጠብቅ ነበር።