ተገልብጣ የታሰረችው ሰዓት

ሰው ሰዓት የሚያስረው ሰዓት ለማወቅ ነው የሚል ካለ፣ እሱ ሰዓት አስሮ አያውቅም። ሰዓት ለማወቅማ ስልክ አለ። ስልክ የሌለው ጎረቤት አለው። ጎረቤት የሌለው ደግሞ ሰዓት ቢያውቅ ምን ሊያደርግለት ነው? ሰዓት የሚታሰረው ለክብር ነው፤ በተለይ የድሮዋ፣ ስሷ፣ ወርቅ ቅቧ፣ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ብቅ ጥልቅ የምትለዋ። የዛሬዎቹ እርምጃ ይቆጥራሉ፣ የልብ ምት ይለካሉ፣ ተነስና ተራመድ ብለው ያዛሉ። የኔዋ ማንንም አታዝም። ጠዋት መሙያዋን ሞላ ሞላ ካደረግኩላት ቲክ ቲክ እያለች ቀኑን ትውላለች። ባለቤቴ ትርሲት ይህን ባየች ቁጥር፣ እኔንም እንዲህ በየጠዋቱ ብታስታውሰኝ ምን ነበረበት ትለኛለች። እኔ መሙላቴን እቀጥላለሁ።

ሰዓቷ የአጎቴ ነበረች። ከአብዮቱ በፊት ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳው ፎቶ አሁንም ሳሎናችን ውስጥ አለ፤ ግራ እጁን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ። የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚነሳው። ለምን? ሰዓቱ እንዲታይ ነዋ! ሰዓት የሌለው ከፎቶ አንሺው ይዋሳል፤ የቤታችንን የድሮ ፎቶዎች አገላብጬ ሳይ ግማሹ ዘመዴ ያሰረው አንድ ሰዓት ነው። አጎቴ ግን የራሱን ነው ያሰረው። የተዋሰው ከረባቱን ነው።

የሰዓቷ ውበት ፊቷ ላይ ነው። ቁጥር የሚባል ነገር የላትም፤ በየቁጥሩ ቦታ አንዳንድ ቀጭን መስመር ብቻ። ሠሪዎቿ ይህችን የሚያስር ሰው ቁጥር አይጠፋውም ብለው አምነውብናል። እምነታቸው ከመጠን ያለፈ እንደነበር የታወቀው ግን በቅርቡ ነው።

እንዲህ ሆነ። ሰዓቷ ቆማብኝ ኃይሌ ጋርመንት ሰፈር ላለ ሰዓት ሠሪ ሰጠኋት። አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ነፍስ ዘርቶባት መለሰልኝ። አደራ ያለኝ አንድ ነገር ነው። መሙያዋን እንደ ልብህ ሙላ፣ ወደ ውጭ ስበህ ላስተካክል ግን አትበል፣ አርጅታለች፣ ተነቅላ እጅህ ላይ ትቀራለች አለኝ። እሺ ብዬ ቤቴ ለቡ መብራት ኃይል ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሰዓት ሠሪው ስልኩን እያየ አስተካክሏት ኖሮ ለካ የፈረንጅ ሰዓት ላይ ነች!

አሁን ምን ይደረጋል? ስልካችን በፈረንጅ ሲቆጥር እኛ በልባችን ወደ ሐበሻ ስንተረጉም ስንት ዘመናችን ነው፤ በዚህ ላይ የአጎቴን ሰዓት ልተርጉም? ስቤ እንዳላስተካክላት አደራ አለብኝ። ወዲያ ወዲህ ሳገላብጣት ድንገት በራልኝ። በፈረንጅና በሐበሻ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ማለት ግማሽ ዙር ነው። ቁጥር የሌላት ሰዓት ደግሞ ላይና ታች የላትም። ስለዚህ ገልብጬ አሰርኳት! መሙያዋ ወደ ክርኔ ዞረች፣ ትንሿ ሰዓት ቆጣሪ የሐበሻውን ሰዓት አመለከተች። በደስታ ትርሲትን ጠርቼ አሳየኋት። አየችኝና፣ ደቂቃውስ አለችኝ። የሴት ነገር፣ ዝርዝር ላይ ነች ብዬ አለፍኳት።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ ዮናታን ልቡ የጠፋባትን ቤቴልሔምን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። የልጅቷ አባት አቶ ግዛቸው ፉሪ ነው የሚኖሩት፤ ዕድሜ ልካቸውን አውቶብስ ሲያሰማሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በሰዓት ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የሄድን ቀን ዘመድ ላማክር ብለው ቀጠሩን። ቀጠሯቸው ታዲያ ማስጠንቀቂያ ነበረበት፤ ሰዓት የማያከብር ቤተሰብ ልጄንም አያከብርም፣ እሑድ ልክ በአራት ሰዓት ኑ፣ ካረፈዳችሁ በሩን ዝግ ታገኙታላችሁ አሉ። ዮናታን እንቅልፍ አጣ። አጎቴ፣ አንተን ይዣለሁ፣ እንዳታረፍዱብኝ እያለ እግሬ ሥር ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ትከሻውን ይዤ ቀና አደረግኩትና አይዞህ፣ ሰዓቱ እኔ ጋ ነው አልኩት።

እሑድ ጠዋት ከሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ኃይሌ ጋርመንት ተገናኘን። ዋናው ተናጋሪያችን ጎረቤቴ ጋሽ ተሰማ ናቸው። እኔ ሥነ ሥርዓት አዋቂው፣ ሽምግልና ቤት ስልክ ሲጮህ ነውር ነው ብዬ የሁሉንም ስልክ አዘጋሁ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁና ገና ነው አልኳቸው። ቀድሞ መድረስም እንደ ማርፈድ ነው፣ የቸኮልን ይመስላል፣ ልጃችንን ያረክስብናል ብዬ ማኪያቶ ጋበዝኳቸው። ጋሽ ተሰማ ፀሐይዋ ከፍ አላለችም ወይ ብለው ተቁነጠነጡ። እጅጌዬን ሰብስቤ ሰዓቷን አሳየኋቸው። በፀሐይ የሚሄደው ዘመን አልፏል ጋሽዬ አልኳቸው። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ስንነሳ በኔ ቤት ሁሉም ነገር በልኩ ነበር።

ፉሪ ስንደርስ አቶ ግዛቸው ከበራቸው ወጥተው አስፋልቱ ዳር ቆመዋል፤ ግራ ቀኝ ያያሉ። አክብረው ሊቀበሉን የወጡ መስሎኝ ደረቴ ተነፋ። ሰዓቷን አየሁ። ደቂቃ ቆጣሪዋ ወደ ላይ ቀጥ ብላለች፣ ሰዓት ቆጣሪዋ አራትን ትንሽ አለፍ ብላለች፤ አርጅታ የለ፣ ይቅር አልኳት። «ልክ አራት ሰዓት!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አቶ ግዛቸው ትክ ብለው አዩኝና አስገቡን።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። አራት ሰዓት ተኩል አልፎታል። ጋሽ ተሰማ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት? የግድግዳ ሰዓትዎ ትንሽ ሳይቀድም አይቀርም አልኳቸው። ለእኚያ ሰው! በቤታቸው!

እስቲ ሰዓቷን ይስጡኝ አሉ። ፈትቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጧት፣ መሙያዋን አዩ፣ ወደ ጆሮአቸው አስጠጓት። ገልብጠው ነው እንዴ የሚያስሯት አሉኝ። ለምን እንደገለበጥኳት እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። እሳቸው የገባቸው ወዲያው ነው፤ ሰዓት ሲገለበጥ ትንሿ ቆጣሪ ስድስት ሰዓት ትዘላለች፣ ጥሩ፤ ትልቋም አብራ ግማሽ ዙር ትዞራለች፣ ግማሽ ሰዓት ትበላለች። የትርሲት ደቂቃ! ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። የልጁን ትዳር በገዛ እጄ ገልብጬ አሰርኩት።

ጋሽ ተሰማ ይቅርታ ሊሉ ጎንበስ ሲሉ አቶ ግዛቸው በእጃቸው አስቆሟቸው። ሰዓቷን እንደያዙ መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፃቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ቀን ድምፅ አልነበረም።

«በሩን በአራት ሰዓት ልዘጋው ሄጄ ነበር» አሉ። «ልጄ ጓዳ ሆና ስታለቅስ ሰማኋት። መዝጋት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ እዚያ መንገድ ላይ ቆሜ፣ በቃ ሐሳባቸውን ቀይረው ነው፣ በኔ ግትርነት የልጄን ትዳር አስቀረሁባት እያልኩ ነበር። ተቀመጡ። ሰጥቻለሁ።»

ጓዳው በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ተሰማ ያጠኑትን ንግግር አንድ ቃል ሳይናገሩ ተቀመጡ፤ እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። ምሳ ላይ የአቶ ግዛቸው ባለቤት ጠጋ ብለው፣ ባሌ እኮ እስከ ፋሲካ ሊያመላልሳችሁ ቆርጦ ነበር፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት የጨረሰችው አሉኝ። እኔም ለትርሲት ስነግራት የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነገርኳት።

ወሬው ለቡን አልፎ ሐና ማርያም ደረሰ። ባለፈው ሰሞን ወንድ ልጁን ሊድር የተነሳ አንድ ጎረቤቴ ማልዶ በሬን አንኳኳ። ሽማግሌ ሁንልኝ ሊለኝ ነው ብዬ ቶሎ ብዬ ኮቴን ደረብኩ። ግባ፣ ቁጭ በል፣ መቼ ነው የምንሄደው አልኩት።

«አይ፣ አንተ እንኳ አትልፋ» አለኝ። «ሰዓቷን ብቻ አውሰኝ።»