ኔትወርክ የለም፣ በሩስኛ

ሰው ከአርባ ዓመቱ በኋላ ሁለት ነገር መጀመር የለበትም ባይ ነኝ፤ ጫትና ሁለተኛ ዲግሪ። ሁለቱም ሲጀመሩ ዓለምን ያሰፉላችኋል፣ ዕቅድ በዕቅድ ላይ ያስደረድሯችኋል። መጨረሻቸውም ያው ነው... እንቅልፍ ማጣትና ከሚስት ጋር መኮራረፍ። ከጫቱ አልሐምዱሊላህ ተርፌያለሁ። ዲግሪው ግን በአርባ ስድስት ዓመቴ ያዘኝ። ያውም በምን? በሩስኛ ቋንቋና በአካባቢው ጥናት! ያውም የት ሆኜ? ሀርጌሳ!

እንዴት እንደገባሁበት ልንገራችሁ። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ፣ እዚያው ጎልምሼ፣ በኋላ ወደ አባቶቼ አገር የተመለስኩ ሰው ነኝ። 26 ጁን ሰፈር አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችኝ፤ የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ወረቀት ከአማርኛ ወደ ሶማልኛ፣ ከሶማልኛ ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። የአገሩ ሰው ዲግሪ ሁሉ በእጄ ሲያልፍ የኔ አንድ ብቻ መሆኑ ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን ስልኬን ስነካካ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ በርቀት፣ በነፃ እንደሚያስተምር አየሁ። የፈለግሁት ቢዝነስ አስተዳደር ነበር፤ ሞልቷል። ሕዝብ ግንኙነት አልኩ፤ እሱም ሞልቷል። ያልሞላው ሩስኛ ብቻ ነው። በወጣትነቴ ድሬዳዋ መንገድ ዳር የገዛሁት አሮጌ የሩስኛ መማሪያ ነበረኝና ፊደሉን ለይቼ አውቃለሁ። ይበቃል አልኩና ተመዘገብኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ባለቤቴ ሳህራ ጅጅጋ ያደገች ሴት ናት። በደህናው ቀን ሶማልኛ እናወራለን፤ ስትቆጣ ግን አማርኛ ትመርጣለች። የምሥራቹን ስነግራት በአማርኛ መለሰችልኝ።

“ሩሲያ ልትሄድ ነው?”

“አይደለም።”

“ሩሲያዊ ሊመጣ ነው?”

“እሱም አይደለም።”

“ታዲያ ከማን ጋር ልታወራው ነው?”

“በነፃ እኮ ነው፣ ሳህራ።”

“አቦ፣ ሰው በነፃ ሲሰጡት ስኳር ይወስዳል እንጂ ሩስኛ ይወስዳል?”

ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ስለኔ ነው ብዬ አሮጌውን መማሪያ ፍለጋ ሄድኩ።

ትምህርቱ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። መምህራችን ናታልያ ፓቭሎቭና ይባላሉ፤ ፓቭሎቭና ማለት የፓቬል ልጅ ማለት ነው። ሩሲያውያን ሰው ሲያከብሩ ስሙን ከነአባቱ ይጠራሉ። ይሄን ለሳህራ ስነግራት “አባት ላይ አቆሙ?” ብላ ተገረመች። እኛ ሶማሌዎች አሥረኛ አያታችንን ሳንጠራ ሰውን አወቅነው አንልማ! እነሱ የሚያቆሙበት ቦታ ላይ እኛ ገና ጉሮሯችንን እየጠረግን ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሩስኛ ማንበብ ቀስ በቀስ ገባኝ፤ መጻፍም በመዝገበ ቃላት ተወጣሁት። መናገር ግን... አፌ እምቢ አለ። ናታልያ ፓቭሎቭና አንድ ጥያቄ ሲጠይቁኝ በጎልማሳነቴ አፍሬ ላብ ያጠምቀኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ካሜራውንም ማይኩንም ዘጋሁና “ይቅርታ፣ ሀርጌሳ ኔትወርክ የለም” ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ሳምንትም እንደዚያው። እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት ሞላኝ። እናንተ ግን ከኔ የራቃችሁ ስለሆናችሁ እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሀርጌሳ ኔትወርክ አንደኛ ነው። እዚህ ሙዝ የምትሸጠዋ እናት እንኳ ሒሳቧን የምትቀበለው በስልክ ነው። አንድ ምስኪን ከተማ ሙሉ ለኔ ስንፍና ሲባል ስሙ ጠፋ! መምህሬ ደግሞ አዘኑልኝ፤ “ታጋሽ ተማሪ ነህ” ብለው ይጽፉልኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለውን ተረት የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው። ስንቄ እያለቀ መሆኑን ግን አላየሁም።

በዓመቱ መጨረሻ የመስክ ሥራ ታዘዝን። በምንኖርበት ከተማ ሩስኛ የሚችል አንድ ነዋሪ ፈልገን፣ ስለ ኑሮው በሩስኛ ጠይቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ድምፅ ቀድተን ማቅረብ አለብን። ይሄን የወደቀ ወደ ማጠቃለያው የቃል ፈተና አያልፍም፤ ያልተፈተነ ዲግሪ የለውም። ዓመት ሙሉ ሳህራን “ጥናት ላይ ነኝ” እያልኩ ከቤት ሥራ ያመለጥኩ ሰው ባዶ እጄን ብቀር ምን እንደሚጠብቀኝ እኔና እሷ እናውቃለን።

ሰው አጠያይቄ ጋአን ሊባህ ሰፈር የውሃ ፓምፕ የሚጠግኑ አዴር ሐሺ የሚባሉ አዛውንት አገኘሁ። አዴር ማለት አጎቴ እንደማለት ነው፤ እዚህ ሽበት ያለው ሁሉ አጎታችሁ ነው። አዴር ሐሺ በወጣትነታቸው፣ በሶቪየት ዘመን፣ ኦዴሳ ስድስት ዓመት ምሕንድስና ተምረዋል። ሩስኛን እንደ ውሃ ይጠጡታል ተብሎ ይወራል፤ ይሁን እንጂ አብሯቸው የተማረው ጓደኛቸው ከሞተ ወዲህ የሚያናግሩት ሰው አላገኙም። በስልክ ስነግራቸው ነገ ወደ ማታ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ና አሉኝ።

ሄድኩ። አሥር ጥያቄ በወረቀት አዘጋጅቻለሁ። በር ላይ በሶማልኛ ስም ከነትውልድ ተለዋወጥን፤ ስድስተኛ አያታችን ላይ ተገናኘንና ተቃቀፍን። ወተት ያለው ሻይ ቀረበ። ስልኬን ከፓምፖቹ መሐል አስቀምጬ መቅጃውን ከፈትኩ። አዴር ሐሺም እግራቸውን አጥፈው ተመቻቹና በሩስኛ “እሺ፣ ወሬህን ንገረኝ” አሉ።

እዚህ ላይ የአገሩን ሥርዓት ማወቅ አለባችሁ። ሶማሌ ቤት የመጣ እንግዳ አስቀድሞ ወሬውን ያስረክባል። ከየት መጣህ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ... ይሄ ሁሉ ተጠይቆ ሳይመለስ እንግዳው የቤቱን ባለቤት መጠየቅ ነውር ነው። እኔ ነውሩን ስለማውቅ ወረቀቴን ጭኔ ላይ አጥፌ መመለስ ጀመርኩ። አዴር ሐሺ ደግሞ የስንት ዓመት ጥማት ነው ያለባቸው! ሩስኛው ከአፋቸው ይንቆረቆራል። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቤት ኪራዬ፣ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም። እኔ ካለችኝ ሩስኛ ሁለት ቃል ብቻ ነው የምትታዘዘኝ፤ “ኻራሾ”፣ ጥሩ ማለት ነው፣ እና “ናርማልና”፣ ደህና ማለት ነው። ኪራዩ ናርማልና። ጉልበቴ ናርማልና። እናትህስ ሲሉኝ እንደምንም ግሡን ፈልጌ “ሞታለች” አልኩና በልማድ “ኻራሾ” ጨመርኩበት።

አዴር ሐሺ ትንሽ አዩኝና፣ አላህ ይማራት ብለው ቀጠሉ። ሩስኛ ለምን እንደተማርኩም ጠየቁኝ። “ለወረቀት” አልኩ። ሌላ ቃል ስለሌለኝ እንጂ ዝርዝር ምክንያት ነበረኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ለማንሳት ወረቀቱን ስዘረጋ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ እሳቸውም ጫማቸውን አጠለቁ። መቅጃውን ሳየው ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ይላል። ማስረከቢያው በማግስቱ ጠዋት ነበር። ምን አማራጭ አለኝ? ቢስሚላህ ብዬ ላክሁት። መምህሯ ሻዩ ሲቀዳ ያለውን ብቻ ሰምተው እንዲተዉት ዱዓ አደረግሁ።

በሦስተኛው ቀን መልሱ ቢሮዬ ደረሰ። ወረቀት መተርጎም ሙያዬ ነውና ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦

“ውድ ዩሱፍ፤ ዓመት ሙሉ በኔትወርክ ምክንያት ድምፅህን ባለመስማቴ አዝኛለሁ። ጠያቂነትህ እጅግ በጣም ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ የኦዴሳ ሩስኛ ከውጭ ተማሪ ሰምቼ አላውቅም። ተጠያቂህ ግን ደካማ ነው። ሩስኛ የተማረው ለወረቀት ብቻ እንደሆነ በግልጽ ያስታውቃል፤ ስለ እናቱ ሞት የተናገረውም አሳስቦኛል። አንተን አይመለከትህም፤ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼሃለሁ። ሐሙስ የቃል ፈተናው ላይ ሦስት መምህራን ይሰሙሃል።”

ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ተፈረደብኝ። ለሳህራ ሳነብላት ተጣጥፋ ሳቀች፤ ስቃ ስትጨርስ በአማርኛ “ንገራት” አለችኝ። ብነግር ሥራው ዜሮ ነው፣ ዓመቱ ባክኗል። ዝም ብል ሐሙስ ሦስት መምህራን ፊት በሁለት ቃል እቀርባለሁ። ሰይጣን ሦስተኛ መንገድ አሳየኝ፤ አዴር ሐሺን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ካሜራውን ዘግቼ፣ “ኔትወርክ” ብዬ... ገባችሁ አይደል?

ጋአን ሊባህ ወረድኩና “አዴር፣ ሐሙስ ለአሥር ደቂቃ ድምፅዎን ያውሱኝ” አልኳቸው። ምክንያቱን እያፈርኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ደብዳቤውን አሳየኝ አሉ። መነጽራቸውን አጠለቁ። አንዴ በልባቸው አነበቡት፤ ሁለተኛ ድምፅ አውጥተው አነበቡት፤ በሦስተኛው “እጅግ በጣም ጥሩ” የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉና እዚያው ቆዩ።

“ከተማው በጦርነቱ በፈረሰ ጊዜ ዲፕሎማዬ ከቤቴ ጋር ሄደ” አሉኝ። “ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ ስል ልጆቼ እንኳ የሚያምኑኝ ለአክብሮት ነው። በእጄ አንድ ወረቀት የለም።” ከዚያ ደብዳቤውን መለሱልኝ። “እዚህ ላይ የተጻፈው ስም ያንተ ነው፣ አይደል? ይሁንልህ። የወንድሜ ልጅ ነህ። ሐሙስ እመጣለሁ።”

በፓምፕ መፍቻ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። ሕይወቴን ሙሉ የሰው ወረቀት ስተረጉም ኖሬ የሰው ወረቀት የሰረቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከፊታቸው ስነሳ ናርማልና ለማለት አልደፈርኩም።

ሐሙስ ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀድመው ቢሮዬ መጡ። የጥንት ኮት ለብሰዋል፣ ክራባት አስረዋል፣ ጢማቸውን ሒና ተቀብተዋል። ሦስቱ መምህራን ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። እኔ እጄ ካሜራው መክፈቻ ላይ ነው። አዴር ሐሺን ዞሬ አየኋቸው፤ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው። ከዚያ በዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራውንም ማይኩንም ከፈትኩ። ላቤ እየወረደ፣ ግሡ እየተገለበጠ፣ “ናታልያ ፓቭሎቭና፣ ኔትወርክ ሁልጊዜ ነበር። ጠያቂው እሳቸው ናቸው። መላሹ እኔ ነኝ” አልኩ።

ናታልያ ፓቭሎቭና ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩኝ።

“ናርማልናው አንተ ነህ?” አሉ።

“እኔ ነኝ።”

ምን ሊሉ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምክንያቱም አዴር ሐሺ ጨዋ ሰው ናቸውና እንግዳ ፊታቸው ሰላም ሳይባል ሲቀመጥ ማየት አልቻሉም። ኮታቸውን አስተካክለው “ልጄ ናታልያ፣ ወሬሽን ንገሪን” አሉ። እዚያ ዝናቡ እንዴት ነው? አባትሽ ፓቬል ደህና ነው? መምህሯ አባታቸው በክረምቱ መሞታቸውን ተናገሩ። አዴር ሐሺ እስኪጨርሱ አዳመጡ፤ ዕድሜያቸውን፣ ሕመማቸውን፣ ማን እንደቀበራቸው ጠየቁ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው ግማሽ ሰዓት አወሩ። ሁለቱ መምህራን ተራቸውን ሲጠብቁ ቆዩ፤ እነሱም ወሬያቸውን አስረከቡ። ፈተናው በዚሁ አለቀ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ፍርዱ በሳምንቱ መጣ። የኔ ነጥብ ተሰርዟል፤ ስለዋሸሁ እንደገና ከመጀመሪያው እሠራለሁ፣ ያውም በተከፈተ ካሜራ። ለጠያቂው ግን ዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ይጽፋል፤ ሙሉ ስማቸውን ላኩ ይላል። አዴር ሐሺ ሙሉ ስም ሲባሉ እስከ ሰባተኛ አያታቸው አስቆጠሩኝ። ናታልያ ፓቭሎቭናም አንድ ሳይቀንሱ አስጻፉት፤ ስሙ ብቻ ሦስት መስመር ወሰደ። ወረቀቱ አሁን ጋአን ሊባህ፣ ከፓምፖቹ በላይ፣ በመስታወት ተሰቅሏል። ፓምፕ ሊያስጠግን የመጣ ሁሉ ሳያነበው አይሄድም፤ ሩስኛ የማያነብ ደግሞ እሳቸው ያነቡለታል።

እኔም ከስንት ላብ በኋላ መስኩን ደግሜ ሠርቼ፣ ለጥቂት አለፍኩ። የቃል ፈተናው ገና ከፊቴ ነው። በቀደም ጎረቤታችን ሳህራን ባልሽ ያን ሩስኛ ከምን አደረሰው ብላ ስትጠይቃት ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ሰማሁ።

“እሱማ ተማረ” አለች ሳህራ። “የተመረቁት ግን አዴር ሐሺ ናቸው።”